ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈ አስፋልት

ቡታጅራ ውስጥ የጣሪያ ጂፕሰም የሚሠሩ ብዙ ናቸው። አዲስ ቤት የሚያሠራ ሰው ግን ሳሎኑ ላይ ሲደርስ "ይሄን ለሰፍያ ተዉላት" ይላል። ሰፍያ ያለሰለሰችው ኮርኒስ ላይ መብራት ሲበራ ጥላ የሚጥል አንዲት እብጠት አትገኝም። ሙያውን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ሰይዶ ነው፤ እሱ ወደ ንግድ ሲዞር ሱቁንም ስፓቱላውንም ለእሷ ተወላት። ባሏ ሙስተፋ ባጃጅ ይነዳል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መነጽር ያደረገ ቀጭን ወጣት ወደ ሱቋ ገባ። ስሙ ዮናታን ነው፤ ወልቂጤ ፊዚክስ ያስተምራል። ቡታጅራ የመጣው አክስቱን እትዬ አበበችን ሊጠይቅ ሲሆን፣ ሳሎኗ ውስጥ ተንጋሎ ኮርኒሱን ሲያይ አድሮ ማን እንደሠራው ጠይቆ ነበር የመጣው።

"ሰፍያ እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። አንቺ በለኝ፣ አታስረጀኝ።"

ወጣቱ ፈገግ አለና ከኪሱ የክብሪት ሳጥን አወጣ። ሳጥኑን ገፋ ሲያደርገው ውስጡ ጥጥ ላይ የተኙ ትንንሽ ሰዎች ነበሩ። አንዳቸውም የአውራ ጣት አንጓ አያክሉም። ጀሪካን ያዘለች ሴት፣ ዱላ የያዘ ዘበኛ፣ ኮቱ ወደ ኋላ የሚውለበለብ ሯጭ። ሰፍያ ሯጩን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። የጫማው ማሰሪያ ሳይቀር ተሠርቷል።

"መጫወቻ ነው?"

"መጫወቻ ነው፤ ለትልልቅ ሰዎች። አንዱ ወገን ኮንትሮባንድ ያሳልፋል፣ ሌላው ጥበቃ ነው። ዳይስ ጥለን በወጣው ቁጥር ልክ በሜትር እየለካን እናስኬዳቸዋለን። ሜዳ ላይ የሚሮጥና ቦይ የሚሻገር ግን እኩል አይሄድም። እስካሁን ባዶ ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ እያሰመርን ነው የምንጫወተው። ቤቶቹን ከካርቶን ሠርተናል። የቸገረን መሬቱ ነው።"

"የምን መሬት?"

"ከተማ የሚቆምበት መሬት። አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ቦይ፣ የእግረኛ መንገድ። እየተገጣጠመ ጠረጴዛ የሚሸፍን ሰሌዳ። ኮርኒሱን ሳየው፣ ጣሪያ ላይ እንዲህ የምትሠራ ሰው መሬት አያቅታትም ብዬ ነው።"

ሰፍያ ሳቀች። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደርሷት አያውቅም። ሯጩን ግን ገና አልመለሰችለትም ነበር።

"ይሄን ሰውዬ ለልክ ተውልኝ" አለችው።

የመጀመሪያውን ሰሌዳ በማግስቱ ጨረሰችው። የቺፑድ ቁራጭ ላይ ጂፕሰም አፈሰሰች፣ በስፓቱላ አስተካከለች፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገችው፣ ጥቁር ቀለም ቀብታ መሃሉ ላይ ነጭ መስመር አሰመረችበት። ያምራል። ሯጩን አምጥታ መስመሩ አጠገብ አቆመችው።

ትሪ ላይ የቆመ መሰለ። ወዴትም የሚሮጥ አይመስልም።

ማታ ሙስተፋ ሱቁን ሊያዘጋት ሲመጣ አየውና "ጥቁር ሰሌዳ ነው ያዘዙሽ?" አላት።

"መንገድ ነው።"

"መንገድ አይደለም። እኔ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ።"

"ምኑ ነው መንገድ የማይመስለው?"

ሙስተፋ ሰሌዳውን በጣቱ ዳሰሰ። ጎንበስ ብሎ አየው፣ ራሱን አከከ። "እሱን እንኳ አላውቅም" አለ በመጨረሻ።

ሰፍያንም የከነከናት ይኸው ነበር። ከተወለደች ጀምሮ የምትሻገረው መንገድ ሱቋ ደጃፍ ላይ ተዘርግቷል። ዓይኗን ጨፍና ልታስታውሰው ስትሞክር የሚመጣላት ጥቁርነቱ ብቻ ነው። ጉንጯን ሰሌዳው ላይ አስተኝታ በሯጩ ዓይን ልክ አየች። ከፊቷ ያለው ሁሉ ለስላሳ፣ ወጥ፣ ዝም ያለ ነበር። የሠራችው ኮርኒስ እንደሆነ ያኔ ገባት፤ ኮርኒስ ገልብጣ ጥቁር ቀብታዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ገና መኪና አልበዛም። ባዶ ማዳበሪያ አንስታ ወጣች፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አነጠፈችው፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ በሆዷ ተኛች። አገጯ መሬት ነካ።

መንገዱ ጥቁር አልነበረም።

መጀመሪያ ያየችው ጠጠሮቹን ነው። እያንዳንዱ ጠጠር የራሱ መልክ አለው፤ አመድማ አለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አለ፣ እንደ ጉበት የቀላም አለ። በመሃላቸው ሬንጁ የጠዋቱን ፀሐይ ይዞ ያብረቀርቃል። ጎማ ሲረግጠው ሲረግጠው ኖሮ የመንገዱ አካል የሆነ ቆርኪ አየች፤ ጥርሶቹ ብቻ ቀርተዋል። ስንጥቁ ውስጥ አሸዋ ገብቷል፣ አሸዋው ላይ ሣር በቅሏል፣ ሣሩ ላይ ጤዛ ተንጠልጥሏል። ከጤዛው ሥር አንዲት ጉንዳን የጫት ገረባ ስንጣሪ ትጎትታለች። ባጃጆች የሚቆሙበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ ተንጣሎ፣ ውስጡ ቀስተ ደመና ይንቀሳቀሳል። አሮጌ ጥገና ላይ ሌላ ጥገና ተደርቧል፤ ልክ እንደ ሥራ ሱሪ ጉልበት። ትንሽ ራቅ ብሎ ከነጋዴዋ ከፈቲሀ በርበሬ መጋዘን ፊት ለፊት ደግሞ አስፋልቱ የሸክላ ቀለም ይዟል። ከቆሼ ከተማ የሚመጣው የማረቆ በርበሬ ከማዳበሪያው ሲራገፍ አቧራው ስንት ዓመት እዚያ ላይ ወድቆ ይሆን፤ ጎማ እየረገጠው ከሬንጁ ጋር ተዋህዷል።

ዓይኗን ወደ ማዶ ስታነሳ የጎረቤቷ የሙባሪክ ሱቅ ደፍ አይታይም። መንገዱ መሃሉ ላይ ጀርባውን ነፍቶ ጋርዶታል። አንዲት ፍየል ከማዶ መሻገር ስትጀምር ኮቴዋ አልታየም፤ መሃል ስትደርስ ብቅ አለ፣ ወደ ሰፍያ ስትወርድ ደግሞ እግሯ በሙሉ ግልጽ ሆነ።

ሰፍያ ፍየሏ እስክታልፍ አልተነሳችም። ደስታ ይሁን ፍርሃት አልለየላትም። ይህ ሁሉ እዚህ ነበር። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያዘው፣ እያንዳንዱ ነገር በቦታው ተቀምጦ ነበር።

ፈቲሀ የመጋዘኗን በር ስትከፍት ሰፍያን መሬት ላይ ተዘርግታ አየቻትና ስልኳን አወጣች። ትንሽ ቆይቶ የሙስተፋ ባጃጅ እየበረረች መጥታ ቀጥ አለች። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ዘለለ።

"ሰፊ፣ ምን ሆነሽ? የት ጋ ነው ያመመሽ?"

"ምንም አልሆንኩም። ና ተኛ።"

"ምን?"

"ከጎኔ ተኛና እይ።"

"ሰው እያየን ነው እኮ።"

"ይይ።"

ሙስተፋ ግራና ቀኙን አየ። ፈቲሀ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ከማዶ ሙባሪክ የሱቁን መዝጊያ ግማሽ ላይ ትቶ ይመለከታል። ሙስተፋ መጀመሪያ ቁጢጥ አለ፣ ቀጥሎ በክርኑ ተደገፈ፣ በመጨረሻ ሸሚዙን እየተሳሳለት ተኛ። ጉንጩን ወደ አስፋልቱ አስጠጋ።

"ይሄ ጉብታ ለምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችው።

"ውሃ እንዳይተኛበት ነዋ። መሃሉ ከፍ ካላለ ክረምት ላይ ኩሬ ነው የሚሆነው።" ቀጥሎ ድምፁ ዝቅ አለ። "እኔ ሁልጊዜ ከላዩ ነው የማልፈው። እንዲህ መሆኑን አላየሁም።"

"ሁለቱም አብደዋል" አለች ፈቲሀ ለራሷ፣ ወደ ውስጥ ገባች።

ከሰዓት ግን ወደ ሰፍያ ሱቅ መጣችና ምን ሲያዩ እንደነበር ጠየቀች። ሰፍያ የበርበሬውን ነገር ነገረቻት። ፈቲሀ ወዲያው ወጣች። ሰፍያ በመስኮት ስታያት መጋዘኗ ደጃፍ ላይ ቆማ መሬቱን ታያለች፤ ደንበኛ መጥቶ ሲጠራት እንኳ ቶሎ አልዞረችም።

ሰፍያ ለዮናታን ደወለችለት። "ጊዜ ጨምርልኝ" አለችው።

"አስቸገረሽ እንዴ?"

"አላስቸገረኝም። ገና መንገዱን አይቼ አልጨረስኩም።"

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሌላ ሆነ። ኮርኒሷን ጠዋት ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ ሱቋ ጥግ ያለው ጠረጴዛ የመንገዱ ነው። ቺፑዱን ትታ ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ፎም ቆርጣ ሰሌዳ አደረገችው፤ ቀላል ነው፣ ለቦይም በቢላ ይቆረጣል። ሳይጎብጥ እንዲቆይ ከሥሩ ኮምፔርሳቶ ለጠፈችበት። የወንዝ አሸዋ በሻይ ማጥለያ ነፍታ፣ ደቃቁን ለአስፋልት፣ ሻካራውን ለመንገድ ዳር ለየችው። ጂፕሰሙን በኮላ ለውሳ፣ እንደ መንገዱ መሃሉን ከፍ አድርጋ አፈሰሰችው። ፊቱን ለመንቀስ ከእውነተኛው መንገድ ዳር ያነሳችውን ጠጠር እርጥቡ ጂፕሰም ላይ ደጋግማ ጫነችው፤ ጠጠሩ ሲነሳ የራሱን ፊት እዚያ ትቶ ይነሳል።

ያስቸገራት እጇ ነው። ለዓመታት ማለስለስ ብቻ የለመደ እጅ፣ ሻካራ ነገር ሲያገኝ ሳታዘው ስፓቱላውን ያነሳል። ብዙ ጊዜ ጥሩ የወጣ ስንጥቅ ሳታስበው ደፍናው ታገኛለች። በመጨረሻ በግራ እጇ መሥራት ጀመረች። ግራ እጇ ምንም አያውቅም፤ ስለማያውቅም ያየችውን ብቻ ያደርጋል።

ኮብልስቶኑን በአራት ማዕዘን የብዕር ክዳን አፍ እያተመች አወጣችው። መጀመሪያ በሰልፍ አተመችው፣ ወደ ውጭ ወጥታ የመስጂዱን ሰፈር መንገድ አይታ ተመለሰችና አፈረሰችው። እዚያ ድንጋዮቹ በሰልፍ አይሄዱም፤ ቧንቧ የተቀበረበት ቦታ ላይ ተነስተው የተመለሱት ዘመም ብለዋል፣ አንዳንዱም ቦታ ባዶ ነው። ቀለሙን የሠራችው ከከሰል ዱቄትና ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጥላሸት ነበር፤ በውሃ አቅጥና ታፈስበታለች፣ ውሃው ወደ ስንጥቁ ይወርዳል፣ ላይ ላዩን በጨርቅ ስትጠርገው ጠጠሮቹ ነጣ ብለው ይወጣሉ። የመጋዘኑን ደጃፍ ግን ፈቲሀ ራሷ ናት ያቀላችው። ጣቷን በርበሬ ውስጥ ነክራ መጣች፣ "እስቲ የት ጋ ነው?" አለችና ሰፍያ ባሳየቻት ቦታ ላይ ጫን ጫን አድርጋ ለቀለቀችው። በመጨረሻ ሰፍያ ሁሉንም በቀጭን ቫርኒሽ ሸፈነችው።

አንድ ቀን ማታ ሙስተፋን ጠርታ ሯጩን አስፋልቱ ላይ አቆመችው። ሙስተፋ ተንበርክኮ ዓይኑን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለ።

ቆየት ብሎ "ይሄ ሰውዬ ረፍዶበታል" አለ።

 ሰፍያ መብራቱን ለማጥፋት አልቸኮለችም።

ወልቂጤ እራሷ ይዛው ሄደች፤ ሌላ ሰው አላመነችም። ሰሌዳዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ አደራርባ አስራቸዋለች። የሚኒባሱ ረዳት ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ከእንሰት ጭነት ጋር ሊያስረው ሲል እሺ አላለችም። "ታዲያ ምንድን ነው?" አላት።

"መንገድ ነው።"

ረዳቱ ሹፌሩን አየው፣ ሹፌሩ ትከሻውን ሰበቀ። ሁለት ወንበር ይዛ፣ ጭነቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ተራራውን እየተጠማዘዙ ወጡ፤ በቸሃ የእንሰት ጓሮዎች መሃል ሲያልፉ ጭጋግ ነበር። እምድብር ላይ የተሳፈሩ አንድ አዛውንት አጠገቧ ተቀምጠው ጥቅሉን ደጋግመው ሲያዩ፣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ አሳየቻቸው። አዛውንቱ ጣታቸውን ዘርግተው ሳይነኩት መለሱት።

"ሰው የለበትም" አሉ።

"ሰዎቹ ወልቂጤ ናቸው፣ አባቴ።"

"እንግዲያስ ይግቡበት" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ጨዋታው እሑድ ከሰዓት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። የዮናታን አባት ጋሽ ፈቃዱ የቤት ዕቃ መሥሪያ አላቸው፤ እሑድ ስለማይሠራ ልጃቸውና ጓደኞቹ እዚያ ይሰበሰባሉ። ጋሽ ፈቃዱ ሰፍያን በክብር ተቀበሏት፣ ወንበር ጠርገው ሰጧት። "ልጄ፣ እዚህ ድረስ ለጨዋታ ብለሽ ለፋሽ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ያገባሉ፣ ይወልዳሉ ስንል አሻንጉሊት ይዘው ቁጭ አሉ።" ክፋት የለበትም አነጋገራቸው፤ ትንሽ አዝነዋል እንጂ። ቀጥለው ወደ ጓዳቸው ገቡ።

ጓደኞቹ ሁለት ነበሩ። ኤልያስ መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ ወሬ ይወዳል። ማርታ ቁጥብ ናት፤ ትንንሾቹን ሰዎች የምትቀርጸውና የምትቀባው እሷ መሆኗን ሰፍያ እዚያ ነው ያወቀችው። ሯጩን መልሳ ስትሰጣት ሁለቱ ሴቶች ለአፍታ እርስ በርስ ተያዩ።

ዮናታን ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ አወጣ። ጠረጴዛው ላይ ሲገጣጥማቸው ኤልያስ የጀመረውን ወሬ መሃል ላይ ተወው። መንገዱ ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ ሳይቋረጥ ሄደ፤ ቦዩ ከቦይ ገጠመ፤ የመስጂዱ ሰፈር ኮብልስቶን ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኝበት ላይ ጎማ ያወጣው ጭቃ ደርቆ ነበር። የካርቶን ቤቶቹን ዳርና ዳር አቆሙ። 

ማርታ ተነስታ ወጣች። ሰፍያ፣ ማርታን ቅር ያላት መሰላት። ማርታ ግን እጇን ታጥባ፣ በቀሚሷ እያደረቀች ተመለሰች። የክብሪት ሳጥኑን ከፍታ ጀሪካን ያዘለችውን ሴት አወጣችና በርበሬ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ አቆመቻት። ከዚያ እጇን አልወሰደችም። "እኔ የሠራኋት አትመስልም" አለች። "ከዚህ አገር የመጣች ትመስላለች።"

ጨዋታው ተጀመረ። ሰፍያ ሕጉን በደንብ ባታውቀውም ዓይኗን ማንሳት አልቻለችም። ኤልያስ ዳይስ ጥሎ ኮንትሮባንድ ተሸካሚውን በቦዩ ውስጥ አሾለከው፤ የዮናታን ዘበኛ ጉብታው ከልሎት አላየውም ተባለ፤ ዮናታን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ በዘበኛው ዓይን ልክ አየና "እውነትም አይታይም" አለ። ሳቁ። ግን ሳቃቸውም ዝቅ ያለ ነበር፣ ሰው የተኛበት ቤት እንዳሉ።

በዚህ መሃል ዝናቡ መጣ። ክረምቱ ሊገባ የተቃረበበት ሰሞን ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብ ያለ ሰው እንኳ በግድ ነው የሚሰማው። ብዙም ሳይቆይ ከጣሪያው አንድ ጠብታ ወረደና ጠረጴዛው መሃል ላይ ጠብ አለ። ሌላ ተከተለ። ቀጥሎ ቀጭን ክር ሆነ።

"ሰሌዳው" አለ ዮናታን፣ ሊያነሳው እጁን ሰደደ። ኤልያስ ካርቶን ቤት ነጠቀ።

"ተዉት" አለች ሰፍያ።

ድምፁ ከእሷ የወጣ አልመሰላትም። ጂፕሰም ውሃ እንደማይወድ ከማናቸውም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ነገር ግን ዓይኗ ውሃው ላይ ነበር።

ውሃው የወደቀው መንገዱ አናት ላይ ነው። እዚያ ለቅጽበት ቆመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ወረደ። ቦዩ አፍ ላይ ሲደርስ ተሰበሰበና በሰሌዳዎቹ መጋጠሚያ ሳይደናቀፍ መሄድ ጀመረ። ከአስፋልቱ ላይ ደቃቅ አሸዋ ይዞ ደፈረሰ። በበርበሬው ደጃፍ ሲያልፍ ቀላ። ኮብልስቶኑ ጋ ድንጋዮቹን እየዞረ፣ ባዶ የቀረው ቦታ ላይ ትንሽ ኩሬ ሠርቶ፣ ሞልቶ፣ በአንድ በኩል ፈሰሰ። የሙባሪክ ሱቅ ማዕዘን ላይ ደርሶ ድንገት ታጠፈ።

ሰፍያ አፏን በእጇ ያዘች። እዚያ ማዕዘን ላይ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ በትክክል እንዲህ ይታጠፋል። ሙባሪክ ሁልጊዜ በርጩማውን ከዚያ የሚያነሳው ለዚህ ነው። እሷ ግን ውሃውን አስባ አልሠራችውም። ያየችውን ዝቅታ፣ ያየችውን ከፍታ አንድ በአንድ አስቀመጠች እንጂ፣ ውሃ ምን እንደሚያደርግ አንድም ቀን አላሰበችም።

"ሱብሃነላህ" አለች ቀስ ብላ።

ጋሽ ፈቃዱ የሚያፈሰውን ጣሪያ አስታውሰው ባልዲ ይዘው ከጓዳ ወጡ። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ባልዲውን ሊያስቀምጡ ዘረጉት፣ ግን አላስቀመጡትም። በእጃቸው እንደያዙት ቆሙ። ውሃው ማዕዘኑን ታጥፎ በሰሌዳው ጫፍ ወደ ወለሉ ጠብ ሲል ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት፣ ተመልሰው ከላይ ጀመሩ።

"የት ነው ይሄ?" ሲሉ ጠየቁ።

"ቡታጅራ ነው፣ ጋሽዬ። ሱቄ ደጃፍ።"

"ማን አስተማረው?"

ስለ ውሃው እንደሚጠይቁ ገብቷታል። "እኔ አይደለሁም" አለች። 

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አምላካቸውን የሚያመሰግኑ ይመስል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ማርታ ጀሪካን ያዘለችውን ሴት ከጎርፉ ልታወጣት እጇን ዘርግታ ነበር፤ መልሳ ሰበሰበችው። ሴትዮዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ ውሃው ከእግሯ ሥር ለሁለት ተከፍሎ እያለፈ፣ ሰው ሁሉ ዝናብ እስኪያባራ እንደሚጠብቀው የምትጠብቅ ትመስላለች።

ዝናቡ ሲያባራ ባልዲው አሁንም በጋሽ ፈቃዱ እጅ ነበር።

ጉዳቱን ሰፍያ ራሷ መረመረችው። ቫርኒሹ አብዛኛውን አድኖታል። ኩሬው የነበረበት ቦታ ግን ጂፕሰሙ አብጦ፣ ጠርዙ ተነስቶ፣ በጣት ሲነካ ይፈረከሳል።

"ይሄን እጠግነዋለሁ" አለች።

"አትንኪው" አለች ማርታ። ቀጥላ ድምፅዋን አለዘበች፤ "ይቅርታ እቴ። ግን አትንኪው። እውነተኛ ጉድጓድ ነው።"

 ኤልያስ ተነስቶ ዳይሱን ከወለል ላይ አነሳና ሰፍያ መዳፍ ላይ አስቀመጠላት። "የኔ ሰውዬ ቦዩ ውስጥ ነበር፣ ጎርፍ ወስዶታል" አለ። "ቦታዬን ያዢ።" የሯጩ ተራ ነበር። ሰፍያ ዳይሱን ጣለች፤ ጥሩ ወጣላት። ሜትሩን ዮናታን ያዘላት፤ ሯጩን በርጥቡ አስፋልት ላይ እየገፋች፣ ኩሬውን እየዞረች፣ ከጥበቃው አሾልካ አሻገረችው። ትንሽ ውሃ ጣቷን ነካው። ቀዝቃዛ ነበር።

የመጨረሻውን ሚኒባስ ያዘች። ከወልቂጤ ሲወጡ ሙስተፋ ደወለ።

"ዘንቧል አሉ እዚያ። ሰሌዳው ደህና ገባ?"

"ጨዋታው ላይ ዘነበበት።"

"ያ አላህ... እንዴ፣ ተበላሸ?"

"የለም። ውሃው ሄደ፣ ሙስጤ። እራሱ መንገዱን አውቆ ሄደ። በሙባሪክ በኩል ታጠፈ።"

 የሙስተፋ ባጃጅ ሞተር ሲንኳኳ ይሰማታል። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፋ። "እንደገና ንገሪኝ፣ ከመጀመሪያው" አላት። ነገረችው።

ከእምድብር አልፈው ዳገቱን ሲወጡ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ሊያወርድ ቆመ። ከመንገዱ ጎን ተራራው በማሽን ተቆርጦ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ዝናቡ አጥቦታል። ከላይ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከቀዩ ሥር እንደ ቅቤ ቢጫ የሆነ፣ ከዚያም ነጭ ጠጠር፤ በመሃላቸው የእንሰት ሥር እንደ ፀጉር ወርዷል። ከተቆረጠው ፊት ላይ በየቦታው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

ሰፍያ ተነስታ ወረደች። ተሳፋሪዎቹ አጉረመረሙ። ግድግዳው ጋ ሄዳ መዳፏን ቢጫው ላይ አኖረች፣ ቀስ እያደረገች ወደ ቀዩ አወጣችው።

ረዳቱ በበሩ አንገቱን አወጣ። "እህት፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?"

"ምንም አልጠፋኝም" አለችው፣ እጇን ሳታነሳ። "ይሄንንም አይቼ ልጨርስ፣ ትንሽ ጠብቁኝ።"